ያልተጻፈውን ያነበበው አካሉ

በዚያ በደርግ ጊዜ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ውስጥ እቤቱ የሚቀር ሰው አልነበረም፤ የቀረ እንደሆነ ስሙ ይጻፋል። በቀበሌው አዳራሽ የውይይት ክበብ አለ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ቢያዝን በር ላይ ቆሞ ሰው ይቆጥራል፣ ጋዜጣ ይነበባል፣ «ጥያቄ ያለው?» ይባላል፣ ጥያቄ ያለው አይገኝም፣ መፈክር ይባልና ወደ ቤት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። እማማ ወለተ ሚካኤል ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው የሚተኙት እንቅልፍ በቀበሌው የታወቀ ነበር። አንዴማ መፈክሩ ሲቀልጥ ባንነው «አሜን» አሉ። ጓድ ቢያዝን እንዳልሰማ ሆኖ አለፈው፣ እግዜር ይስጠውና።

አንባቢው አካሉ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጠዋት ፈረቃ ይሠራል፣ ከሰዓት ነጻ ነው። በልጅነቱ ድቁና ተቀብሎ ስለነበር ድምፁ ለጉድ ነው፤ ክፋቱ ርዕሰ አንቀጹንም እንደ ቅዳሴ ምንባብ ማንበቡ። ስለ ስንዴ ምርት ሲያነብ ሰው ሊሳለም የሚነሣ ይመስል ነበር። ሰዉም ለድምፁ ብሎ ዝም ይላል እንጂ ነገሩን ከቁም ነገር የሚጥፈው የለም። አካሉ ራሱም አይጥፈውም። ማንበብ ነፍሱ ነው፤ ግን እጁ የሚገባው ሁሉ ማንም ለማንም ያልተናገረው ነገር ይሆንበታል።

ታዲያ አንድ ቀን ጨው ሊገዛ እትዬ ዘይነት ሱቅ ገባ። ሱቁ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ባሏ ጀላሉዲን ከአንድ ዕቃ ቤቱን ከሚያጸዳ መሥሪያ ቤት አሮጌ ወረቀት በጆንያ አምጥቶላት ነበርና እሷ እየገነጠለች ጨውም ቢሆን አብሽም ቢሆን ትጠቀልልበታለች። ሽፋኑ የተቀደደ፣ ስሙም ዘመኑም የጠፋ አንድ መጽሔት ባንኮኒው ላይ ተዘርግቶ ተቀምጧል። ሚዛኑ እስኪረጋ አካሉ ዓይኑን ጣል አደረገበት። «አባቴ የሞተ ዕለት እኔ ስለ ሌላ ሰው ሞት ዜና እጽፍ ነበር» ይላል የመጀመሪያው መስመር።

እንዴት ብሎ ይተወው? ቆሞ ማንበብ ያዘ። ዘይነት ሦስቴ ጨውህን ውሰድ አለችው፣ አልሰማትም። ነገሩ ተረት አይደለም፣ ዜናም አይደለም። ጋዜጠኛው አገር ላገር እየዞረ የሰውን ጉዳይ ሲጽፍ አሥራ ሁለት ዓመት እናቱን ሳይጠይቅ የቀረ ሰው ነው። ስለ አንድ አዲስ መንገድ ሥራ ጻፍ ተብሎ ይላካል። ድንጋይ የሚፈልጡትን ሰዎች በየስማቸው ያስተዋውቃል፤ መኪና መጣብኝ ብሎ መንገዱን የሚራገም አንድ በቅሎ ነጋዴ አለ፣ እርግማኑ ራሱ ያስቃል። መሐል ላይ ጋዜጠኛው መንገዱ በእናቱ መንደር ግርጌ እንደሚያልፍ ይሰማል። ያየውን ይጽፋል፣ ያፈረበትንም ይጽፋል። አካሉ ሰው የራሱን ነውር እንዲህ አድርጎ፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ እንደሚያወራ ሁሉ በማተሚያ ቤት ሲያወጣ አይቶ አያውቅም ነበር። ለመናትና የቀረውን ሰጠችው። ወረቀቱን በምን ልጠቅልልልህ ብላም ቀለደችበት።

እቤቱ ገብቶ ሲጨርሰው ግን የመጨረሻዋ ቅጠል የለችም። ጋዜጠኛው የእናቱ ደጅ ቆሟል፣ የማያውቀው ውሻ ይጮህበታል፣ ከውስጥ «ማነው?» የሚል የእናቱ ድምፅ ይመጣል፣ ወረቀቱ እዚያ ላይ አለቀ። አካሉ ተናደደ፤ ደግሞ መልሶ ከመጀመሪያው ጀመረው።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ጋዜጣው ከአዲስ አበባ ሳይደርስ ቀረ። ጓድ ቢያዝንም ለስብሰባ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ተጠርቷል። ብቻ ሰዓቱን ሙላልኝ ብሎት ሄደ። አካሉ ከኪሱ የመጽሔቱን ቅጠሎች አወጣ። መጨረሻው ላይ ሳልደርስ ሰዓቱ ያልቃል ብሎ ተማምኗል። እንደ ልማዱ በምንባብ ድምፅ ጀመረው፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ዜማው ከአፉ ወደቀና እንደ ሰው አወራው።

ምን ልበላችሁ፣ አዳራሹ ነቃ። በበቅሎ ነጋዴው እርግማን ሰው ተንከተከተ። ስለ አባትየው ሞት ሲሆን ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሰዓቱ አለቀ፣ የሚነሣ ጠፋ። ቀጥል አሉት፣ ምን ያድርግ፣ ቀጠለ፤ ደጁ ላይ ደረሰ፣ ውሻው ጮኸ፣ «ማነው?» ተባለ፣ ቆመ።

እማማ ወለተ ሚካኤል ያን ዕለት አልተኙም። ግድግዳውን ትተው መሐል ድረስ መጥተዋል።

«አወቀችው?» አሉ።

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል። እማማ ያላቸው አንድ ልጅ መርስዔ ኀዘን ነው፣ አባቱ በሞተ በሦስተኛው ወር የተወለደ። ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሦስት ዓመቱ፣ ደብዳቤው ከቀረ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። እቤታቸው እንቢ የሚላቸው እንቅልፍ ነበር አዳራሹ ውስጥ የሚይዛቸው። አካሉ ይህን ሁሉ ያውቃል። ቅጠሏ ጠፍታለች ማለት ሲገባው አፉ ቀደመውና ለሚቀጥለው ረቡዕ አነብልዎታለሁ ብሎ ቃል ገባ።

ሳምንቱን ሙሉ ወረቀት ሲያሳድድ ከረመ። ዘይነት ነጋዴ ናትና ለማን ምን እንደጠቀለለች አትረሳም፤ እየቆጠረች ነገረችው። አብሽ የወሰደችው የሻሽወርቅ ወረቀቱን እሳት አያይዛበታለች። ትንባሆ የወሰደው ታንኳ ቀዛፊ እንጨት ሊያራግፍ ሲመጣ ሐይቁ ዳር ጠብቆ ያዘው። ሰውየው ትንባሆውን አጭሶታል፣ ወረቀቱን ውሃ በልቶታል፤ ደግሞ ቀበሌው ለትንባሆ ወረቀትም ሰው መላክ ጀመረ ወይ ብሎ ደነገጠ። አካሉ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ረቡዕ ደረሰ። አዳራሹ ሳይጠሩት ሞላ። ጓድ ቢያዝን ስም መቁጠር ሳያስፈልገው ሰው ሲጎርፍ አይቶ፣ ርዕሰ አንቀጹ ካለቀ በኋላ የፈለጋችሁትን አንብቡ አለ። እማማ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸው ታጥቧል። ዓይናቸውን ሲያይ አካሉ ቅጠሏ ጠፍታለች ማለቱን ወገቤን አለ። ያለፈውን ዓመት የስንዴ ምርት የሚያትት አንድ አሮጌ ወረቀት አነሣና ፊቱ ላይ ዘርግቶ ያልተጻፈውን ማንበብ ጀመረ።

እናትየው «ማነው?» ካለች በኋላ መልስ አልጠበቀችም አለ። «ቆይ፣ አትናገር፤ ይህ የልጄ እግር ነው» አለች አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮቴው ከጆሮዋ አልወጣም፣ በሩን በርግዳ ወጣች፣ እልልታዋን ጎረቤት ሰምቶ መጣ አለ። ሰው አለቀሰ፣ አጨበጨበ። አካሉም ራሱ ባወጣው ነገር እንባው መጣበት። እማማ አጠገቡ መጥተው ግንባሩን ሳሙት። የዚያን ዕለት እንደሱ ያለ ደግ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ያለ አልመሰለውም፣ ሞኝ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በሚቀጥለው ረቡዕ እማማ ቀሩ። በሌላውም ቀሩ። ጓድ ቢያዝን ስማቸውን መጻፍ ከብዶት፣ ሄደህ አይተህ ና ብሎ አካሉን ላከው። ቤታቸው ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ገና አጥሩ ጋ ሲደርስ በሩ ተበረገደና እማማ በባዶ እግራቸው እየሮጡ ወጡ። አካሉን ሲያዩ ፊታቸው ክስም አለ። ከስተዋል፣ ጉንጫቸው ሟሙቷል።

«አንተ ነህ?» አሉና ደጃፉ ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡ።

አካሉ ታመው እንደሆነ ጠየቀ። አልታመሙም። ቤተ ክርስቲያን ከሳሙ ሁለት ሳምንታቸው ነው፣ ገበያም አልወጡም፤ እሳቸው በሌሉበት ቢመጣስ? ቁጭ ብለው እግር ያዳምጣሉ። ጎረቤት ሊጠይቃቸው ሲመጣ ኮቴ ታበዙብኛላችሁ ብለው አባረውታል።

«ስንት እግር አለፈ መሰለህ፣ አካሉ። ለሁሉም ወጣሁ። የሁሉም እግር የመርስዔን ይመስለኛል። የእንጨት ተሸካሚው፣ የወታደሩ፣ አሁን ደግሞ ያንተ። ያቺ ሴትዮ አሥራ ሁለት ዓመት አልረሳችም። እኔ በሦስት ዓመት የልጄን እግር ረሳሁት። ምን ዓይነት እናት ነኝ?»

አካሉ ነገሩን አወጣ አወረደው። ያነበብሁት ሐሰት ነው ቢላቸው፣ እውነቱ የታል ሲሉት ምን ይሰጣቸዋል? ምናልባት እውነተኛው መጨረሻም እሱ እንደፈጠረው ቢሆንስ፣ እናትየዋ በኮቴው አውቃው ቢሆንስ? የያዘውን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ያን ቀን ራሱን ሐይቁ ውስጥ ቢጥል የሚጠላ አልነበረም።

ሄዶ ለዘይነት ተናገረ። ዘይነት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችውና ወረደችበት። እኔ ጨው በጠቀለልሁበት ወረቀት አንተ ሰው ትገድላለህ ወይ አለችው። የሞተውንም የቀረውንም አላህ ነው የሚያውቀው፣ አንተ ማነህ የሰው እናት የምታሳቅቅ አለችው። ካለች በኋላ ግን ሱቋን ዘጋች፣ በጠራራ ፀሐይ። ሁለቱ ሆነው መደርደሪያውን አወረዱ፣ ጆንያውን ገለበጡ፣ የባቄላውን ቁና ሳይቀር አዩ። በመጨረሻ ዘይነት የበርበሬውን ቆርቆሮ ስትከፍት፣ ክዳኑ እንዳይላላ አጥፋ የሸጎጠችውን ወረቀት አየች። ራሷ ሸጉጣ ራሷ ረስታዋለች።

ቅጠሏ ነበረች፣ በበርበሬ ቀልታ። አካሉ እያነጠሰ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ ዓይኑ እንባ ያዘንባል። ዘይነት በርበሬው ነው ወይ አለችው። እሱም አላውቅም አለ።

ወዲያውኑ ወደ እማማ ቤት ነጎደ። አሁንም ሮጠው ወጡ፣ አሁንም ከሰሙ። አካሉ ሳይቀመጥ ተናገረ።

«እማማ፣ ዋሽቻለሁ። ያን ዕለት የያዝሁት ወረቀት የስንዴ ነው። መጨረሻው ጠፍቶብኝ ከራሴ አወጣሁት። እውነተኛው ይኸው።»

እማማ ተቀመጡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ፣ አነበበላቸው።

እናትየዋ አላወቀችውም። «ግባ፣ የእግዜር እንግዳ» ብላ በሩን ከፈተችለት። ጨለም ብሏል፣ እሱ ጢም አውጥቷል፣ ወፍሯል፣ የከተማ ልብስ ለብሷል። እንግዳ እህል ሳይቀምስ ማነህ ከየት ነህ አይባልምና አልጠየቀችውም። ሙቅ ውሃ አምጥታ ጫማውን አወለቀችለትና እግሩን ማጠብ ጀመረች። የኔም ልጅ መንገድ ላይ ነው አለችው፤ አንዲት ሴት እግሩን ታጥብልኝ ይሆናል እያልሁ የመጣውን ሁሉ አጥባለሁ። ጋዜጠኛው ስለ ሺህ ሰው ጽፌ ያን ምሽት ሁለት ቃል ማውጣት አቃተኝ ይላል። የበላው አልወርድ አለው። ከበላ በኋላ ነው «እማዬ» ያላት። እልልታ የለም፣ ጎረቤትም አልመጣም። ዝም ብላ ስታየው ቆይታ፣ ይህን ያህል ዘመን የት ከርመህ ነው ብላ በኩርኩም አለችው፣ ከዚያ አለቀሰች። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፤ «ሳታውቀኝ ያጠበችውን እግር፣ ካወቀችኝ በኋላ እንደገና አጠበችው።»

«አላወቀችውም?» አሉ እማማ።

«አላወቀችውም።»

«የወለደችው ናት? የእንጀራ እናቱ አይደለችም?»

«የወለደችው ናት።»

ድገመው አሉት፣ ደገመው። አሁንም ድገመው አሉት። በሦስተኛው እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ማልቀስ ጀመሩ፤ ለቅሶው ግን የቆየ እሾህ ሲወጣ እንደሚያስለቅሰው ዓይነት ነበር፣ መሐሉ ላይ ሳቅ አለበት። አካሉ መሬት መሬት ያያል። ይቅር በሉኝ ሊል አፉን ሲከፍት እማማ ቀደሙት።

«ጥፋቴ አይደለማ። እናቱም አላወቀችው።» አፍንጫቸውን ጠረጉና ፊታቸው ተለወጠ። «አንተን ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቅህም። ያቺ ምስኪን ሰው እግር ስታጥብ አንተ ለእልልታ አወጣሃት። የዋሸኸው ለኔ ብቻ አይደለም፤ ለዚያ ሁሉ ሰው ነው። እኔ ስሰማ ትነግራቸዋለህ።»

በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነገር ነበር፤ ሰው ተነሥቶ ጥፋቱን ይዘረዝራል፣ ይመዘገባል። ብዙውን ጊዜ የሚነሣ የለም፣ የተነሣም ዘግይቼ መጣሁ ብሎ ይቀመጣል። ረቡዕ ጓድ ቢያዝን ለወጉ ያህል ግለ ሂስ የሚያደርግ አለ ሲል አካሉ እጁን አወጣ። ከዚህ አዳራሽ ፊት ቆሜ የአንድ ሰው እናት ያላለችውን ብላለች ብያለሁ አለ።  የጓድ ቢያዝን ብዕር እጁ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ጥፋቱ የምርት ነው፣ የዲሲፕሊን ነው፣ የምን ነው ብሎ ይጻፈው? ኋላ ላይ «ጓድ አካሉ ስለ አንዲት እናት» ብሎ ብቻ ጻፈና ብዕሩን አስቀመጠ።

አካሉ በርበሬ የነካውን ወረቀት አወጣና አነበበ። ያን ዕለት ማንም አላጨበጨበም። ሲጨርስ አንድ አናጢ ከጥግ ሆኖ፣ ይኼኛው የሆነ ነገር ነው፣ ያኛው ያምር ነበር እንጂ እኔስ ያኔም ጠርጥሬው ነበር አለ፤ ጠርጥሮ ያን ዕለት በእንባ መታጠቡን ጎረቤቶቹ አስታወሱት። ጓድ ቢያዝን እንደ ልማዱ «ጥያቄ ያለው?» ሲል ግማሹ አዳራሽ እጁን አወጣ። ሰውየው ከዚያ በኋላ እናቱን ወሰዳት ወይስ ተዋት? የበቅሎ ነጋዴውስ መጨረሻው ምን ሆነ? ይህን የመሰለ ሌላ አለ ወይ?  የዘይነት ጆንያ እንዳለ ነው አለ አካሉ፣ ሰውም ከዚያ ወዲያ ሱቋ ሲሄድ ዕቃውን በእጁ ይዞ ወረቀቱን መፈተሽ ጀመረ።

አካሉ አዲስ ቅጠል ባገኘ ቁጥር አስቀድሞ ለእማማ ያነብላቸዋል። መጨረሻው ከጠፋ ጠፋ ብሎ ይነግራቸዋል፣ እሳቸውም ይራገማሉ። ኮቴ ሲሰሙ መሮጣቸውን ትተዋል። ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ ገበያ ይወርዳሉ፤ ረቡዕም አልፎ አልፎ እንደ ድሮው ይተኛሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሲሄድ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፣ የመራዊ ሰው፤ አውቶቡሱ ተበላሽቶባቸው አውላላ ሜዳ ቀርተው እማማ መንገድ ላይ አግኝተዋቸው ነው። ጺማቸው ሸብቷል፣ ጥርሳቸው አልቋል። አንዱ እግራቸው ገበቴው ውስጥ ነው፣ ሌላውን አፍረው ከመደቡ ሥር ደብቀውታል። እማማ ተንበርክከው ያጥባሉ።

አካሉ መቀለድ ለምዶበታልና ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው አላቸው፤ «እማማ፣ እኚህ እኮ ከእርስዎም ያረጃሉ። እኚህ እንኳ መርስዔ ሊሆኑ አይችሉም።»

እማማ ቀና ብለው አላዩትም።

«እሳቸውን ማን ወለዳቸው?» አሉ። «ይልቅ ውሃው በርዷል፣ ሙቁን አምጣልኝ።» የተደበቀውንም እግር ከመደቡ ሥር ስበው አወጡት።

ሽማግሌው ጣራ ጣራውን እያዩ፣ እናቴ ካጠበችኝ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አካሉ ተነሥቶ ሙቁን ውሃ አመጣ።